ቋንቋው አለ፣ መግቢያው ግን የት ነው? በብዙ ቋንቋ ለተዘጋጀ ድረ ገጽ የቋንቋ መምረጫ አሠራር

አንድ የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ ለተጠቃሚዎች ምን ያህል እንደሚመች ለማየት ዕድሜያቸው ከገፋ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ገጹ በ12 ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ አማርኛም አንዱ ነው። እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ተመልሰው ከታች እስከ ላይ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ በእኛ ቋንቋ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ነበረው። እዚያ ለመድረስ ግን ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት አግድም መስመሮች መንካት፣ ከሚወጣው ዝርዝር «ቅንብሮች» የሚል ፍቺ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል መምረጥ፣ ቀጥሎም በላቲን ፊደል ከተጻፉ 12 ስሞች መካከል «አምሃሪክ» የሚለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። እማማ የላቲን ፊደል አያነቡም። ገጹን በአማርኛ የፈለጉትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቋንቋ መምረጫ በሠራሁ ቁጥር ከአንድ ነገር እነሣለሁ፦ መምረጫውን የሚፈልገው ሰው ገጹን ማንበብ የማይችለው ሰው ነው። ማንበብ የሚችለው ቢያገኘውም ባያገኘውም አይጎዳም። ስለዚህ የመምረጫው ስም፣ ምልክት፣ ቦታ፣ ሲነካ የሚሆነው ነገር ሁሉ መታየት ያለበት ከገጹ አንዲት ቃል በማትገባው ሰው ዓይን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የምሠራባቸው ቅደም ተከተል ናቸው።

1. እያንዳንዱን ቋንቋ በራሱ ስምና በራሱ ፊደል ይጻፉ

ጊዜ ከሌለዎትና አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ከቻሉ ይህን ያስተካክሉ። አማርኛ «አማርኛ» ተብሎ፣ ትግርኛ «ትግርኛ» ተብሎ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ። ጀርመኖች ቋንቋቸውን «ዶይች» ይሉታል፤ ፊንላንዶች «ሱኦሚ»፣ ጃፓኖች «ኒሆንጎ»፣ ጆርጂያውያን «ካርቱሊ»፣ አርመኖች «ሃየረን»። ዝርዝሩ ላይ መታየት ያለበት እነርሱ የሚጠሩበት ስም ነው፤ ያውም በሚጽፉበት ፊደል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት አለ። ገጹ ወደ አማርኛ ሲተረጎም የቋንቋዎቹ ዝርዝርም አብሮ ይተረጎምና «ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛ፣ አረብኛ» ይሆናል። ሥራው ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጃፓናዊ በስሕተት አማርኛውን ነክቶ እዚህ ገጽ ላይ ቢያርፍ «ጃፓንኛ» የሚለው ቃል ለእርሱ ጭረት ብቻ ነው፤ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ለተርጓሚዎች የሚላከው ፋይል ውስጥ የቋንቋ ስሞችን አያካትቱ። ዝርዝሩ በሁሉም ትርጉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀመጥ።

አንባቢው ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ቋንቋውን የሚመርጥለት ጊዜም ይኖራል፤ እንግዳ ተቀባዩ ለታካሚ፣ ልጅ ለወላጅ። ለእነርሱ ሲባል ገጹ በሚታይበት ቋንቋ የተጻፈውን ስም ሁለተኛ አድርጎ፣ በቀጭንና ፈዘዝ ባለ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል። የራሱ ስም ግን ምንጊዜም ከፊት ይሁን።

የስሙን አጻጻፍ ከተናጋሪዎቹ ይጠይቁ። ኦሮምኛን ተናጋሪዎቹ «አፋን ኦሮሞ» ይሉታል፤ የሚጽፉትም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ሶማሊኛ «አፍ ሶማሊ» ነው፣ ስዋሂሊ «ኪስዋሂሊ»። ቻይንኛ ላይ ከአገር ይልቅ የአጻጻፉ ዓይነት ይለያል፦ የተቃለለው አንድ፣ ነባሩ ሌላ። ሰርብኛ በሲሪሊክም በላቲንም ይጻፋል። እነዚህን ከመዝገበ ቃላት ብቻ ገልብጦ ማስቀመጥ ባለቤቶቹን ቅር የሚያሰኝ ስሕተት ያስከትላል፤ አንድ የቋንቋው ተናጋሪ ግን በአንድ ደቂቃ ያርመዋል።

2. ሰንደቅ ዓላማዎቹን ያንሡ

ሰንደቅ ዓላማ የአገር ምልክት ነው፤ ቋንቋ ደግሞ በድንበር አይታጠርም። ስፓኒሽ ወደ 20 በሚጠጉ አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ለሜክሲኮ ሰው የስፔንን ባንዲራ ማሳየት ምን ይባላል? በተቃራኒው ስዊዘርላንድ አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች አሏት፦ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ሮማንሽ። የስዊዘርላንድን ባንዲራ የነካ ሰው የትኛው ይከፈትለት? ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ደግሞ አንዱን ቋንቋ ብቻ ከባንዲራው ጋር ማጣበቅ የቀሩትን ተናጋሪዎች ከአገራቸው ማስወጣት ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የኮድ ወጥመድ አለ፤ ይህን በቅርበት ላሳይዎ። ብዙ ቋንቋዎች አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ባወጣው 639 በተባለ ደረጃ ባለ ሁለት ፊደል ኮድ አላቸው፤ አገሮችም በአይኤስኦ 3166 ደረጃ እንዲሁ። ሁለቱ ሰንጠረዦች ግን አይናበቡም። «ኤ-ኤም» የሚለው ኮድ በቋንቋዎቹ ሰንጠረዥ አማርኛ ነው፤ በአገሮቹ ሰንጠረዥ አርሜኒያ ነው። «ኢ-ቲ» በአገሮቹ ኢትዮጵያ ነው፤ በቋንቋዎቹ ግን ኢስቶኒያኛ። አንድ ፕሮግራመር «የቋንቋውን ኮድ ወስደህ በዚያው ኮድ የተሰየመውን ባንዲራ አምጣ» ብሎ ቢጽፍ አማርኛ አንባቢው የአርሜኒያን ባንዲራ፣ ኢስቶኒያዊው የኢትዮጵያን ባንዲራ ያያል። ሁለቱም ቋንቋቸው እዚህ ገጽ ላይ የለም ብለው ይሄዳሉ። እያንዳንዱን ጥንድ በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን ለምን? ስሙ በራሱ ፊደል ከተጻፈ ሥዕል አያስፈልገውም።

ባንዲራ ቦታው አገር በሚመረጥበት ላይ ነው፦ ዕቃ የሚላክበት፣ ዋጋ የሚሰላበት፣ ሕግ የሚለያይበት። ያ የራሱ መምረጫ ይኑረው። አገሩን የመረጠ ሰው ቋንቋውን መርጧል ማለት አይደለም።

3. መምረጫውን ከገጹ አናት ላይ፣ ምንጊዜም በአንድ ቦታ ያስቀምጡ

ሰዎች ቋንቋ የሚፈልጉት በገጹ አናት በስተቀኝ ጥግ ነው፤ ብዙ ድረ ገጾች እዚያ ስላስለመዷቸው። እንደ አረብኛ፣ ዕብራይስጥና ኡርዱ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፉ ቋንቋዎች ገጹ በሙሉ ስለሚገለበጥ መምረጫውም ወደ ግራ ጥግ ይሻገራል። በገጹ ግርጌ ላይ መድገሙ ጥሩ ነው፤ ግርጌ ላይ ብቻ መተው ግን አይበቃም። መጨረሻው በማይታወቅ ረጅም ገጽ ላይ የማያነብ ሰው ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

መምረጫው በመነሻ ገጹ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ገጽ ላይ ይኑር። ከፍለጋ ሞተር ወይም ከወዳጅ ከተላከ ማስፈንጠሪያ የሚመጣ ሰው መነሻ ገጹን ጭራሽ ላያየው ይችላል። መግቢያና ምዝገባ ገጾች፣ የክፍያ ገጾች፣ «ገጹ አልተገኘም» የሚለው የስሕተት ገጽ ሳይቀር መምረጫው ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሱትም እነዚህ ናቸው።

በስልክ ላይ ቦታ ይጠብባል፤ ፈተናው ያኔ ይመጣል። ዲዛይነሩ መምረጫውን በሦስቱ መስመሮች ሥር ሊከተው ይፈልጋል። አይፍቀዱ። ቦታ ከጠፋ ከአናቱ ሌላ ነገር ይውረድ፤ ማንበብ የሚችል ሰው ሌላውን ፈልጎ ያገኘዋል።

ቋንቋዎቹ ከሁለት እስከ አምስት ከሆኑ ምንም ሳይደበቅ ጎን ለጎን ይደርደሩ። «አማርኛ» የሚለው ቃል ገጹ ሲከፈት ያለ ንክኪ ከታየ እማማ ያነሡት ጥያቄ አይነሣም። ከዚያ ከበለጡ የሚዘረጋ ቁልፍ ይሥሩ። ቁልፉ ላይ የምድር ሉል ምልክት ብቻውን አይቁም፤ ለአንዱ አገር፣ ለሌላው ኢንተርኔት፣ ለሌላው የሰዓት ክልል ይመስለዋል። ምልክቱን አሁን ካለው ቋንቋ ስም ጋር ያጣምሩት። ስሙን ማንበብ የማይችል ሰው ምልክቱን ያያል፤ ምልክቱን የማያውቅ ደግሞ ቃሉ የቋንቋ ስም መሆኑን ይገምታል። «ቋንቋ ይምረጡ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ማድረግ ግን፣ በየትኛው ቋንቋ ተጽፎ?

ዊኪፔዲያ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ በመሆኑ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት በኮምፒውተር ላይ ቋንቋዎቹ በገጹ ግራ ጎን፣ ከብዙ ሌሎች ማስፈንጠሪያዎች በታች ተደርድረው ነበር። ቬክተር 2022 የተባለው አዲሱ ገጽታ ከጽሑፉ ርዕስ ጎን ወዳለ ቁልፍ አወጣቸው፤ ቁልፉም ጽሑፉ በስንት ቋንቋ እንደሚገኝ በቁጥር ይናገራል። ቁጥሩን እወደዋለሁ፤ ቃሉን ለማያነብ ሰውም አኃዝ ይገባዋልና።

4. ዝርዝሩ ሲረዝም

ሃያና ሠላሳ ቋንቋ ሲሆን ቅደም ተከተል ጥያቄ ይሆናል። ፊደሎቹ ስለሚለያዩ ሁሉንም የሚያስማማ የፊደል ተራ የለም። በእንግሊዝኛ ስማቸው መደርደር ለአዘጋጁ ይመቻል፤ ለአንባቢው ግን ትርጉም የለውም። እኔ የምመርጠው ይህ ነው፦ ብሮውዘሩ የሚያመለክታቸውን አንድ ወይም ሁለት ቋንቋዎች ከላይ ነጠል አድርጎ ማሳየት፣ የቀሩትን ተመሳሳይ ፊደል ያላቸውን በአንድ አካባቢ መሰብሰብ። የግዕዝ ፊደል ከሩቅ ይለያል፤ ዓይን ፈልጎ ይደርስበታል።

ከዚያም በላይ ከበዙ የፍለጋ ሳጥን ይጨምሩ፤ ሳጥኑ ግን ይቅር ባይ ይሁን። «አማርኛ» ተብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ ከተመዘገበ «ዐማርኛ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ «አ» እና «ዐ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸውና። ስለዚህ ፍለጋው ከመነጻጸሩ በፊት «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነዘራቸው ይመልስ። በላቲን ፊደል የተጻፈውንም፣ የእንግሊዝኛውን ስምም፣ ገጹ አሁን በሚታይበት ቋንቋ ያለውን ስምም ይቀበል። ለአንድ ቋንቋ አምስት ስድስት መጠሪያ መመዝገብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

5. ከቁልፉ በስተጀርባ

እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አድራሻ ይኑረው፤ በአድራሻው ውስጥ የቋንቋው ኮድ ይግባ። አድራሻው አንድ ሆኖ ይዘቱ በኩኪ (ብሮውዘሩ በሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ) ብቻ ከተቀየረ አማርኛውን ገጽ ለወዳጅዎ ቢልኩ እርሱ የሚከፈትለት በሌላ ቋንቋ ይሆናል፤ የፍለጋ ሞተሮችም ትርጉሙን አያዩትም።

በመምረጫው ውስጥ ያሉት ስሞች እውነተኛ ማስፈንጠሪያዎች ይሁኑ እንጂ በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚንቀሳቀሱ አይሁኑ። ተቆልቋይ ሳጥን ከተጠቀሙ አማራጩ ገና ሲቀየር ገጹ እንዳይዘል ያድርጉ፤ በአንዳንድ ብሮውዘሮች በኪቦርድ ቀስት የሚንቀሳቀስ ሰው ሁለተኛውን ስም ሳያልፍ ሳይፈልገው ይወሰዳል። የሚነካው ቦታ ሰፋ ይበል፦ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.2፣ በ2023 የወጣው፣ ዝቅተኛውን ልክ 24 በ24 ፒክስል ያደርገዋል፤ ከፍተኛው ደረጃ ደግሞ 44 በ44 ነው። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ሁለተኛውን ይውሰዱ።

በኤችቲኤምኤሉ (ገጹ በተጻፈበት ኮድ) ላይ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ የሚናገረውን «ላንግ» (lang) የሚባለውን መለያ በሁለት ቦታ ያስገቡ። አንደኛው ለገጹ በሙሉ ነው። ሁለተኛው በመምረጫው ውስጥ ለእያንዳንዱ ስም ነው፤ ይህ ካልተደረገ የስክሪን አንባቢ (ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም) «ዶይች» የሚለውን በእንግሊዝኛ አነባበብ ያነበንበዋል፣ «አማርኛ»ንም ሊዘለው ይችላል። ማየት ለተሳነው ሰው መምረጫው የሚታየው በድምፅ ነውና ድምፁ ከተበላሸ መምረጫው የለም ማለት ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉት ስሞች የጽሑፉን አቅጣጫ የሚናገረውን «ዲር» (dir) የሚለውን መለያ ይጨምሩ።

ለፍለጋ ሞተሮች የአንድ ገጽ ትርጉሞች የት እንዳሉ የሚጠቁም «ኤችሬፍላንግ» (hreflang) የሚባል መለያ አለ። እያንዳንዱ ገጽ የሁሉንም ትርጉሞች አድራሻ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ ይዘረዝራል። ገጹ በ12 ቋንቋ ካለ በእያንዳንዱ ላይ 12 መስመር ይኖራል፤ ለማንኛውም ሌላ ተጠቃሚ የሚሆነውን «ኤክስ-ዲፎልት» (x-default) ከጨመሩ 13። ማስፈንጠሪያው የጋራ መሆን አለበት፦ የአማርኛው ገጽ የፈረንሳይኛውን ጠቅሶ ፈረንሳይኛው መልሶ ካልጠቀሰው ጎግል ግንኙነቱን ችላ ሊለው ይችላል።

6. ሰውየውን ካለበት አያንቀሳቅሱት

አንድ ሰው ከመነሻ ገጽ ተነሥቶ፣ ሦስት ገጽ አልፎ፣ የሚፈልገውን አግኝቶ ቋንቋውን ሲቀይር ወደ መነሻ ገጽ መመለስ የለበትም። የመጣበትን መንገድ ሁሉ አሁን በማያውቀው ገጽታ እንደገና እንዲሄድ መጠየቅ ነው። ቋንቋ መቀየር የሚቀይረው ቋንቋውን ብቻ ነው፤ ያለበት ገጽ፣ የፈለገው ቃል፣ የመረጠው ማጣሪያ፣ ቅጽ ላይ የጻፈው ሁሉ ባለበት ይቆይ። ቅጽ ግማሽ ድረስ ሞልቶ አንድ ጥያቄ ሳይገባው ቀርቶ ቋንቋ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ የጻፈውን ማጥፋት በደል ነው።

ያ ገጽ በተመረጠው ቋንቋ ካልተተረጎመ? ስሙን ከዝርዝሩ በዝምታ አያጥፉት፤ ትናንት ያየውን ዛሬ ያጣ ሰው ግራ ይጋባል። ይልቁንስ በሚፈልገው ቋንቋ አጭር መልእክት ያሳዩ፦ «ይህ ገጽ ገና ወደ አማርኛ አልተተረጎመም። በአማርኛ የሚገኙትን ገጾች እዚህ ያገኛሉ።» መልእክቱ ራሱ በእንግሊዝኛ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ፤ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝናል።

7. ይገምቱ፣ ነገር ግን አያስገድዱ

ብሮውዘሮች ገጽ ሲጠይቁ ባለቤታቸው የሚመርጣቸውን ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ለሰርቨሩ ይልካሉ። ለምሳሌ አማርኛን በመጀመሪያ፣ ከዚያ ትግርኛን በ0.8 ክብደት (የምርጫው ደረጃ በቁጥር)፣ ከዚያ እንግሊዝኛን በ0.5። ይህ ከመገኛ ቦታ በጣም የተሻለ ምልክት ነው። ቦታ ሰውየው የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚያነብ አይናገርም፤ በመንገደኛውም በስደተኛውም ላይ ይሳሳታል።

ይሁንና ይህም ምልክት ይሳሳታል። ስልኩ በሌላ ሰው የተስተካከለ፣ ወይም ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገጹን በራስዎ አይቀይሩ፤ ከላይ ቀጭን ሰሌዳ አውጥተው በተገመተው ቋንቋ «ይህን ገጽ በአማርኛ ማንበብ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። ሰሌዳውን ከዘጋው በሚቀጥለው ገጽ ላይ አይድገሙበት። በግዳጅ መምራት ሌላም ጉዳት አለው፤ የጎግል ፈላጊ ፕሮግራም የቋንቋ ምርጫ ሳይልክ ነው ገጾችን የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ሌሎቹን ትርጉሞች ሳያያቸው ሊቀር ይችላል።

ሰውየው በእጁ የመረጠው ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ምርጫውን በኩኪ፣ በገጹ ላይ የተመዘገበ አካውንት ካለው ደግሞ በአካውንቱ ላይ ያስቀምጡ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ በሌላ ቋንቋ የተላከለትን አድራሻ ከከፈተ አድራሻው የሚለውን ያሳዩት፤ የራሱን ቋንቋ በሰሌዳው ያቅርቡለት።

8. በማያነቡት ቋንቋ ይፈትሹ

ከሁሉም የምወደው ፈተና ይህ ነው። ገጹን አንድም ፊደል ወደማያውቁት ቋንቋ ይቀይሩት። ከዚያ ስልክዎን ለአንድ ሌላ ሰው ይስጡትና ያለ ምንም ምክር ወደ ራሱ ቋንቋ እንዲመልሰው ይጠይቁት። ጣቱ የት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ዝም ይበሉ፤ አያግዙ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ መምረጫው መሆን የሚገባው ቦታ ነው። ራስዎ ብቻዎን ቢሞክሩት አይሆንም፤ ቦታውን ያውቁታልና።

ቀጥሎ በአሮጌ ስልክ ይክፈቱት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደሎችን የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ) የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው፤ ፎንቱ የሌለባቸው መሣሪያዎች ግን ዛሬም ያጋጥማሉ፣ ስሙም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ስሙን በሥዕል አይተኩት፤ ሥዕል አይፈለግም፣ አይነበብም፣ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ይልቁንስ ኖቶ ከተባለው የጎግል ፎንት የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ብቻ ቆርጠው ከገጹ ጋር ይላኩ። «አማርኛ»ንና «ትግርኛ»ን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ስድስት ፊደሎች ናቸው፦ አ፣ ማ፣ ር፣ ኛ፣ ት፣ ግ። ክብደታቸው ከአንዲት ትንሽ ምልክት አይበልጥም። መጠናቸውንም ይመልከቱ፤ ለላቲን የሚበቃ ትንሽ ጽሑፍ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅጥያዎች ይጨናነቃሉ፣ «ሕ» እና «ሐ» አይለዩም። አንድ ሁለት ፒክስል ይጨምሩ።

ከዚያ አይጡን ትተው በኪቦርድ ብቻ፣ በመጨረሻም በስክሪን አንባቢ ይሂዱበት።

ገጹ ከተለቀቀ በኋላ ሁለት ነገር ይቁጠሩ። ስንት ሰው በየትኛው ገጽ ላይ ቋንቋ እንደሚቀይር አንዱ ነው፤ ከመነሻ ገጹ ይልቅ ጥልቅ ገጾች ላይ ከበዛ ሰዎች መምረጫውን ዘግይተው እያገኙት ነው። ሌላው ስንቱ ቀይሮ ወዲያው እንደሚመለስ ነው፤ ይህ ከበዛ ትርጉሙ ጉድለት አለበት፣ ወይም ገጹ ግማሽ ድረስ ብቻ ተተርጉሟል።

አዲስ ቋንቋ ሲጨመር ደግሞ ይህን ዝርዝር ከሥራ ዕቅዱ ጋር አያይዙት፦ የራሱ ስም በተናጋሪው ተረጋግጧል፤ ኮዱ ከቋንቋዎቹ ሰንጠረዥ ተወስዷል፤ የ«ኤችሬፍላንግ» መስመር በነባሮቹ ገጾች ሁሉ ላይ ተጨምሯል፤ የስሙ ፊደሎች ወደ ተቆረጠው ፎንት ገብተዋል፤ የፍለጋ መጠሪያዎቹ ተመዝግበዋል፤ «ይህ ገጽ ገና አልተተረጎመም» የሚለው መልእክትና የጥያቄ ሰሌዳው ተተርጉመዋል። አምስቱ ቋንቋ ስድስት ሲሆን ስሞቹ በስልክ አናት ላይ አሁንም እንደሚበቁ ያረጋግጡ፤ ካልበቁ ወደሚዘረጋው ቁልፍ የሚሻገሩት ያን ዕለት ነው።